ቤታችሁን ስታድሱ የልጃችሁን ሳል ማን ይቆጥራል?

 

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ አንድ በሽታ አይደለም። ስለ ቤት እድሳት ነው። "ዶክተር፣ ይሄ የግንበኛ ጉዳይ አይደለም እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም የራሴን ቤት እስካሳድስ ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

"በሦስት ወር ያልቃል" ተብሎ የተጀመረው ሥራ አሥራ አንድ ወር ፈጀ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያሳደሰ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። ሲሚንቶ ይወደዳል፣ ግንበኛው ሌላ ሥራ ያገኝና ይጠፋል፣ የተጀመረው ሴራሚክ ከገበያ ያልቃል፣ በመጨረሻም ገንዘቡ ራሱ ያልቃል። ቤት ተከራይተን ለመውጣት አቅም ስላልነበረን እዚያው እየኖርን ነው ያሳደስነው። ሳሎኑ ሲፈርስ መኝታ ቤት ገባን፤ መኝታ ቤቱ ሲለሰን ሳሎን ወጣን። ለአራት ወር ያህል ደግሞ ወጥ ቤት የሚባል ነገር አልነበረንም።

የአራት ዓመት ልጃችን ማታ ማታ መሳል የጀመረችው በሁለተኛው ወር ላይ ነው። "ብርድ ነው" አልን። ሽሮፕ ሰጠናት። ሲቆይባት አንቲባዮቲክ ጀመርኩላት። አልደብቃችሁም፦ ሐኪም ሆኜ፣ በየቀኑ የሰው ልጅ ሳል እየሰማሁ፣ የራሴን ልጅ ሳል ግን ለምጄው ነበር። ቤቱ ሁሉ ስለተዘበራረቀ እሷም ከዝብርቅርቁ እንደ አንዱ ሆነችብኝ።

ነገሩን ያወቅነው በአጋጣሚ ነው። ለገና ደብረ ብርሃን አያቷ ጋር ሄዳ አንድ ሳምንት ቆየች። ደብረ ብርሃን ብርዱ ከአዲስ አበባ እንደሚብስ ታውቃላችሁ። ሳሉ የብርድ ቢሆን ኖሮ እዚያ ይብስባት ነበር። እሷ ግን በሦስተኛው ሌሊት ሳትስል አደረች። ቤት በተመለሰች በሁለተኛው ሌሊት ሳሉ ተመለሰ። ያን ቀን ሠራተኞቹ ሴራሚክ ሲቆርጡ ነበር የዋሉት።

አያቷ ስልክ ደውለው "ልጄ፣ ቤታችሁ ነው ያሳመማት" አሉኝ። እኔ በወራት ያላየሁትን እሳቸው በአንድ ሳምንት አዩት።

ስንት ብቻ ሳይሆን መቼ፣ የት፣ ከምን በኋላ?

ትንሽ ከርዕሱ የወጣሁ የሚመስል ነገር ልንገራችሁ፤ ወዲያው እመለሳለሁ።

ድሮ ብዙ የድረ ገጽ ባለቤት ስለ አንባቢው የሚያውቀው ከገጹ ግርጌ ላይ ያለች ትንሽ ቆጣሪ የምታሳየውን ብቻ ነበር፤ ይህን ያህል ሰው ገብቷል፣ በቃ። በ2005 እ.ኤ.አ. ጉግል አናሊቲክስ ሲመጣ ሰዉ ከየት እንደመጣና የትኛውን ገጽ እንዳየ መከታተል ለብዙ ሰው ቀላል ሆነ። በ2023 እ.ኤ.አ. የድሮው አሠራር ቆሞ በአዲስ ተተካ። አዲሱ እያንዳንዱን ድርጊት ይመዘግባል፦ ምን ተጫነ፣ ቪዲዮው እስከ የት ታየ፣ ሰውዬው የት ላይ ትቶት ሄደ። ይህ ገጽም የራሱ መቁጠሪያ አለው። እናንተ ቪዲዮዬን ስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደምትዘጉት ሳይቀር ያሳየኛል።

አንድ ቀን ማታ ይሄን ቁጥር እያየሁ ልጄ በጎን ትስላለች። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ስለማላውቀው ሰው ጣት እንቅስቃሴ በሰከንድ የተሰላ መረጃ በእጄ አለ፤ ልጄ ባለፈው ሳምንት ስንት ሌሊት እንደሳለች ግን አላውቅም። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደገባ፣ ስንት ካሬ ሴራሚክ እንደቀረ፣ ለቀለም ቀቢው ስንት ብር ቀሪ እንዳለበት በደብተር ጽፌያለሁ። ሳሏ ግን የትም አልተጻፈም።

የዛሬ ሐሳቤ ይሄው ነው፦ በእድሳት ቤት ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ፣ ከሲሚንቶው ደብተር አጠገብ የልጃችሁ ሳል ደብተር ይኑራችሁ። ገንዘብ አያስወጣም። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ እነዚህን አራት ነገሮች ጻፉ፦

1. ልጁ ሌሊት ሳለ ወይስ አልሳለም? በስንት ሰዓት ነው የባሰበት?
2. የት ክፍል ነው የተኛው?
3. በዚያ ቀን ምን ሥራ ተሠራ? ማፍረስ? ሴራሚክ መቁረጥ? ስቱኮ መፈግፈግ? ቀለም ወይም ቫርኒሽ መቀባት?
4. ከቤት ርቆ የዋለበት ወይም ያደረበት ቀን ነበር? ያን ቀን እንዴት ሆነ?

ሳሉ ከቤት ሲወጣ የሚሻለው፣ ሲመለስ የሚነሳበት ከሆነ ትልቅ ፍንጭ አግኝታችኋል። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ሐኪም ጋር ሂዱ። እመኑኝ፣ "ከቆየ ሳል ነው" ከሚለው ቃል ይልቅ ያ ወረቀት ብዙ ይነግረናል። እኛ ሐኪሞችም "ቤት እያሳደሳችሁ ነው?" ብለን መጠየቅ አለብን፤ ብዙ ጊዜ ግን አንጠይቅም። ስለዚህ ሳትጠየቁ ንገሩን።

አቧራው ውስጥ ምን አለ?

"እኛ በጭቃ ቤት፣ በአቧራ ውስጥ አይደል ያደግነው?" የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። የእድሳት አቧራ ግን የሜዳ አፈር አይደለም።

*ሲሊካ።* ድንጋይ፣ ኮንክሪት፣ ሴራሚክ እና አሸዋ ውስጥ ያለ ማዕድን ነው። ግራይንደር ሲቆርጠው በዓይን የማይታይ ብናኝ ይሆንና እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባል። ለዓመታት የሚተነፍሱት ሠራተኞች ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን የሳንባ ጠባሳ ይይዛቸዋል፤ ለሳንባ ካንሰርና ለቲቢም ያጋልጣል። በቤታችሁ ለጥቂት ወራት መኖር የዓመታት ሠራተኛ አያደርጋችሁም፤ አስም ያለበትን ልጅ ግን በአንድ ቀን ሊያስነሳበት ይችላል።

*እርሳስ (ሊድ)።* በአሮጌ ቀለም ውስጥ ይገኛል። ደረቅ ቀለም ሲፈገፈግ ብናኝ ሆኖ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ ይድህበታል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ትናንሽ ልጆች ከዋጡት እርሳስ ውስጥ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ ጋር ሲነጻጸር ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው፤ የብረት ማዕድን እጥረት ያለበት ልጅ ደግሞ የበለጠ ይቀበላል። ጉዳቱ አንጎል ላይ ነው፦ ትምህርት የመቀበል አቅም፣ ትኩረት፣ ጠባይ። በእርጉዝ እናት በኩል ወደ ጽንሱም ያልፋል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ አላት፤ ደንቡ ግን ከዚያ በፊት ግድግዳችሁና በራችሁ ላይ የተቀባውን አይፍቀውም። አሜሪካ ያላችሁ ቤተሰቦች ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፦ እዚያ ለቤት የሚሆን እርሳስ ያለው ቀለም የታገደው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ቤታችሁ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙን የሚነካው ተቋራጭ ለዚሁ ሥራ የተመሰከረለት መሆኑን ጠይቁ፤ ሕጉ ያስገድደዋል። የልጁንም ደም ለማስመርመር ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

*አስቤስቶስ።* በአሮጌ የጣሪያና የኮርኒስ ክዳን፣ በቧንቧ መሸፈኛና በድሮ የወለል ንጣፍ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሳይሰበር ከተቀመጠ አደጋው ትንሽ ነው። ሲሰበር፣ ሲበሳና ሲቆረጥ ግን የሚወጣው ጭረት ከዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ከተጠራጠራችሁ በመዶሻ አታስሰብሩት፤ የሚያውቅ ባለሙያ ጠይቁ።

*የቀለም፣ የቫርኒሽ እና የማጣበቂያ ሽታ።* ዓይን ያቃጥላል፣ ራስ ያሳምማል፣ አስም ይቀሰቅሳል።

ከአቧራውም የሚብሱ ሁለት አደጋዎች

አንደኛው ከሰል ነው። ወጥ ቤት ሲፈርስ ምን እናደርጋለን? ምድጃውን ወደ ቀረን ክፍል እናስገባለን። ሌሊት ሲበርድ፣ መስኮቱ ደግሞ አቧራ እንዳይገባ በላስቲክ ሲታሸግ፣ ከሰሉ እዚያው ያድራል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣና እንቅልፍ ያስመስላል፤ ሙሉ ቤተሰብ ተኝቶ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል። ከሰል "ነዶ አልቋል፣ ቀይ ሆኗል" ቢባልም ጋዙን ያወጣል። ስለዚህ ምግብ ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ይብሰል፤ ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ማንም አይተኛ። ጄነሬተርም እንዲሁ ነው፤ ቤት ውስጥም በረንዳ ላይም አይነሳ። ብዙ ሰው አንድ ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ሁሉም ወዲያው ወደ ንጹህ አየር ይውጡና ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ሁለተኛው አኳራጅ ነው። ቀለም ቀቢው የተረፈውን አኳራጅ ወይም ቤንዚን በውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያስቀምጣል። የጠማው ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ይሄ ሲደርስ ብዙ ወላጅ ወተት ያጠጣል ወይም ጣት አስገብቶ ያስመልሳል። እባካችሁ ሁለቱንም አታድርጉ። ሲያስመልሰው ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ትልቁ ጉዳትም እዚያ ነው። የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ቆዳውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሠራተኛውንም ከመጀመሪያው ቀን "በመጠጥ ጠርሙስ ምንም ነገር አይቀመጥም" በሉት።

ቤት ለቀን መውጣት ካልቻልንስ?

አብዛኞቻችን አንችልም። እኔም አልቻልኩም። ነገር ግን "ሙሉ በሙሉ መውጣት" እና "ምንም አለማድረግ" መካከል ብዙ ነገር አለ።

✔ ሥራውን ከማስጀመራችሁ በፊት ከሲሚንቶው ዝርዝር በላይ "ልጆቹ የት ይተኛሉ?" ብላችሁ ጻፉ።

✔ ማፍረስ፣ ሴራሚክ መቁረጥና ስቱኮ መፈግፈግ የሚሠሩባቸውን ቀናት ከባለሙያው ጋር አንድ ላይ አድርጉ። እነዚያን ቀናት ልጆች፣ እርጉዝ እናት፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው እና አረጋውያን ዘመድ ቤት ይሁኑ። አሥራ አንዱን ወር ሙሉ አክስት ቤት ማሳደር ያስቸግራል፤ አሥር ቀን ግን የሚከለክል አክስት የለም።

✔ አንድ ንጹህ ክፍል ይኑራችሁ። ያ ክፍል ወይ መጀመሪያ ያልቃል ወይ መጨረሻ ይነካል። በሩን በላስቲክ ሸፍኑ፣ ከደጃፉ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። አልጋ፣ የልጆች ልብስና የደረቀ ምግብ እዚያ ይቀመጥ። ጫማ አይገባበትም።

✔ ሴራሚክና ብሎኬት ውጭ ይቆረጥ፤ ውኃ እየተደረገበት ይቆረጥ። አሮጌ ቀለም ከመፈግፈጉ በፊት ይርጠብ።

✔ ደረቅ መጥረግ ይቅር። መጥረጊያ አቧራውን ከወለል አንሥቶ ወደ አየር ነው የሚመልሰው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

✔ የልጆች እጅ ከምግብ በፊትና ከመኝታ በፊት ይታጠብ። መጫወቻቸውም እንዲሁ።

✔ ቀለም የተቀባ አሮጌ እንጨት ማገዶ አይሁን። ጭሱ እርሳሱን ይዞት ይወጣል።

✔ ለውስጥ ግድግዳ በተቻለ መጠን የውኃ ቀለም ምረጡ። አዲስ በተቀባ ክፍል ሽታው እስኪጠፋ ልጅ አይተኛ፤ መስኮቱ ክፍት ይሁን።

✔ የጨርቅ ወይም የተለመደው የሕክምና ማስክ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ኤን 95 የሚባለው ይሻላል። ለትንሽ ልጅ ግን መፍትሔው ማስክ አይደለም፤ ከአቧራው ማራቅ ነው።

✔ የሁሉንም ሰው መድኃኒት በአንድ ቦርሳ አድርጉ። በእድሳት ጊዜ የደም ግፊት ክኒን ካርቶን ውስጥ ተቀብሮ ሳምንት ያለፈው ታካሚ አጋጥሞኛል። የአስም መንፊያ ደግሞ ሌሊት የሚፈለግ ነገር ነው።

✔ የውኃ በርሜል ይከደን፣ ክፍት ሽቦ ይሸፈን፣ ሚስማር በየማታው ይለቀም። የቴታነስ ክትባታችሁን አስታውሱ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹህ ውኃ እጠቡና ሐኪም ቤት ሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ግንበኛውም፣ አሸዋ የምትሸከመው የቀን ሠራተኛም ሳንባ አላቸው። እኛ በራችንን በላስቲክ ሸፍነን እነሱ አቧራው ውስጥ ይውላሉ፤ ያንኑ ልብስ ለብሰው ወደ ራሳቸው ልጆች ይሄዳሉ። ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ የማስክና የውኃ ዋጋ ምንም አይደለም። ማታ ልብስ የሚቀይሩበትና የሚታጠቡበት ቦታ አዘጋጁላቸው።

ሳል ሁሉ የአቧራ አይደለም

ይሄን አንብባችሁ የልጃችሁን ሕመም በሙሉ በግንበኛው እንዳታሳብቡ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ በተለይ ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ቤት ውስጥ የቲቢ ታማሚ ካለ፣ የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ደግሞ ደብተር የምትጽፉበት ጊዜ አይደለም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ፦

• ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ
• ልጁ ተረጋግቶ እያለ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ስትቆጥሩ፦ ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ
• መጥባት፣ መጠጣት ወይም መናገር ካቃተው
• ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰውነቱ ከዛለ

መጨረሻ ላይ

ልጃችን ስትመረመር አስም እንዳለባት አወቅን። እድሳቱ ፈጠረባት አልልም፤ አያቷም አስም ነበረባቸው። ግን ቀስቅሶባታል፣ እኔም ለወራት ሳላየው ቆይቻለሁ። ያለ ምክንያት የወሰደችው አንቲባዮቲክም ያሳፍረኛል። ከዚያ በኋላ ሴራሚክ የተቆረጠባቸውንና ስቱኮ የተፈገፈገባቸውን ሳምንታት አክስቷ ጋር አሳለፈች። መንፊያዋን በአግባቡ ጀመረች። በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ "አልሳለችም" የሚለው ቃል በተከታታይ ዘጠኝ ቀን ተጽፏል።

ቤቱ ዛሬ አምሮበታል። እንግዳ ሲመጣ "ስንት ፈጀባችሁ?" ይለናል፤ እኛም በብርና በወር እንመልሳለን። እውነተኛው ሒሳብ ግን በዚያ በሁለተኛው ደብተር ውስጥ ነው። የእኔ ዘግይቶ የተጀመረ ነው። የእናንተ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር።

ይሄን ጽሑፍ ስንት ሰው እንደከፈተው ገጹ ነገ ይነግረኛል። ዛሬ ማታ ከሰሉን ወደ ውጭ ያወጣ፣ የአኳራጁን ጠርሙስ ከልጅ ያራቀ ሰው መኖሩን ግን አይነግረኝም። ያንን ሳላየው ቀርቼም ቢሆን እናንተ እንድታደርጉት እለምናችኋለሁ። ቤት በማሳደስ ላይ ያለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ላኩለት።

ሰላምና ጤና ለእናንተና ለልጆቻችሁ ይሁን!